እውነት የሆነ ሐሳብ እንዴት ጎጂ ይሆናል? በዮጋ ፍልስፍና ስለ አእምሮ እንቅስቃሴዎች የቀረበ ጥያቄ

የአንገረብ መምህርት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ለወገብ ሕመሜ ብዬ ከጥቅምት ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ማታ ዮጋ እሠራለሁ። ወገቤ ተሽሎታል፤ ጥያቄዬ ግን ስለ ወገቤ አይደለም። አሠልጣኛችን በመዝጊያው ላይ ዓይናችንን አስጨፍና «ጎጂውን ሐሳብ አስወጡ፣ ጠቃሚውን አስቀሩ» ትለናለች። ይህ አነጋገር ሲደጋገምብኝ ምንጩን ማወቅ ፈልጌ የጥንቱ ሕንዳዊ ሊቅ ፓታንጃሊ በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ ጻፈው የሚባለውን የዮጋ ሱትራ በትርጉም አነበብኩ፤ ያገኘሁት ግን እሷ ከምትለው ጋር አልገጠመልኝም።

መጽሐፉ በመጀመሪያው ምዕራፍ የአእምሮ እንቅስቃሴዎች አምስት ናቸው ይልና ትክክለኛ ዕውቀት፣ የተሳሳተ ዕውቀት፣ በቃል ላይ ብቻ የቆመ ምናብ፣ እንቅልፍ እና ትዝታ ብሎ ይቆጥራቸዋል። አምስቱም ጎጂ ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ጎጂ ላይሆኑም እንደሚችሉ ይናገራል። እኔ የጠበቅሁት ትክክለኛው ጠቃሚ፣ የተሳሳተው ጎጂ ተብሎ እንዲከፈል ነበር። ትክክለኛ ዕውቀት እንዴት ጎጂ ይሆናል? ደግሞስ ሰው ተኝቶ ሳለ እንቅልፍ እንዴት «እንቅስቃሴ» ይባላል?

የጥያቄዬን ሥር ልናገር። ዓምና በመሥሪያ ቤቴ ለአንድ የኃላፊነት ቦታ ተወዳድሬ፣ ነጥቤ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ነጥቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ በመጽሐፉ አቆጣጠር ይህ ትክክለኛ ዕውቀት ነው። ሆኖም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ አልጋ ላይ የሚያስቀምጠኝ ይኸው ዕውቀት ነው። የውጤቱን ደብዳቤ በመሳቢያ አኑሬው አልፎ አልፎ አውጥቼ አነበዋለሁ። «ጎጂ ነውና አስወጪው» ስባል እውነቱን ካጂ የተባልኩ ይመስለኛል። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ማራኪ ሰፈር

መምህርት፣ ያነበቡት በትክክል ነው። የአሠልጣኝዎ አባባል ለማታው ልምምድ ይበቃ ይሆናል እንጂ የሱትራው ሐሳብ አይደለም። ነገሩ የተሳከረው «ጎጂ» ብለን በምንተረጉመው ቃል ላይ ነው። በሳንስክሪት ቃሉ ክሊሽታ፣ ተቃራኒው ደግሞ አክሊሽታ ሲሆን፣ ሁለቱም ክሌሻ ከሚለው ስም ጋር አንድ ሥር አላቸው። ክሌሻ መከራ፣ የሚያስጨንቅና የሚያሠቃይ ነገር ማለት ነው። እንግዲህ ክሊሽታ የተባለ እንቅስቃሴ ክሌሻ ያለበት፣ ክሌሻንም መልሶ የሚቀልብ እንቅስቃሴ ነው፤ ከሐሳቡ እውነትነት ጋር የግድ አይያያዝም። የሚጠየቀው ሐሳቡ ከምን ተነሣ፣ ወዴትስ ይወስዳል የሚለው ነው።

ክሌሻዎቹ በሁለተኛው ምዕራፍ ተቆጥረዋል፤ እነርሱም አምስት ናቸው። የመጀመሪያው አቪድያ፣ አለማወቅ ነው። ይህ አለማወቅ የመረጃ እጥረት አይደለም፤ አላፊውን ዘላለማዊ፣ ርኩሱን ንጹሕ፣ ሥቃዩን ደስታ፣ ራስ ያልሆነውን ራስ አድርጎ መያዝ ነው። ፓታንጃሊ አቪድያን ሌሎቹ አራቱ የሚበቅሉበት እርሻ ይለዋል። ቀጥሎ አስሚታ፣ ተመልካቹን ከሚመለከትበት መሣሪያ ጋር አንድ አድርጎ «እኔ ይህ ነኝ» ማለት፤ ራጋ፣ ደስ ያለንን ነገር ተከትሎ የሚመጣ መጣበቅ፤ ድቬሻ፣ ያመመንን ነገር ተከትሎ የሚመጣ ጥላቻ፤ በመጨረሻም አቢኒቬሻ፣ ሕይወትን ሙጥኝ ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን ሊቃውንትም እንኳ እንደማያመልጡት መጽሐፉ ራሱ ይናገራል፤ እኔን ከመጽሐፉ ጋር ካስማሙኝ ቅንነቶች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳዎ እንመለስ። ፓታንጃሊ ለትክክለኛ ዕውቀት ሦስት ምንጭ ይሰጣል፤ በስሜት ሕዋሳት በቀጥታ መረዳት፣ ከምልክት ተነሥቶ ማመዛዘን፣ የታመነ ምስክርነት። እርስዎ ነጥቡን በዓይንዎ አይተዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ይመደባል፣ ያ ቀን ያዩትም ነገር በራሱ ማንንም አይጎዳም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚመጣው ግን ሰሌዳው አይደለም። ሰሌዳው ከተነሣ ዓመት ሆኖታል። የሚመጣው ትዝታው፣ ማለትም አምስተኛው እንቅስቃሴ ነው፤ የሚመጣውም ብቻውን አይደለም። «እኔ ማለት ያ ቦታ ነበርኩ» የሚል አስሚታ ይከተለዋል፣ ቦታውን በያዘው ሰው ላይ ድቬሻ ይከተለዋል፣ ያኔ ሊሰማዎት ይችል ለነበረው ደስታም ራጋ ይከተለዋል። አራት ሆነው መጥተው በአንድ እውነት ስም በሩን ያንኳኳሉ። «እውነት ነው» ብለው ሲከፍቱ አራቱም ይገባሉ። ስለዚህ እውነቱን ካጂ አልተባሉም፤ አብረውት የገቡትን ለይተው እንዲያውቋቸው ነው የተባሉት።

ስለ እንቅልፍ ያነሡት ጥያቄ የጥንቶቹም ጥያቄ ነው። ሱትራው እንቅልፍን «ምንም የለም» በሚል መረዳት ላይ የተመሠረተ እንቅስቃሴ ይለዋል። ቭያሳ በሚባለው ሰው ስም የሚታወቀው ጥንታዊ ማብራሪያ ለዚህ ያቀረበው ማስረጃ እኛ በየጠዋቱ የምንለዋወጠው ሰላምታ ነው ማለት ይቻላል። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ደኅና አደርኩ» ይላሉ። ተኝተው የነበረ ሰው ደኅና ማደርዎን ከየት አወቁት? እንቅልፉ ሲያልፍ ምልክት ትቶ ካልሄደ አያስታውሱትም ነበር፤ ምልክት የሚተው ደግሞ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ማብራሪያው ሦስት ዓይነት መልስ ይለያል፤ «ደኅና ተኛሁ፣ አእምሮዬ ጠርቷል» የሚል፣ «ክፉኛ ተኛሁ፣ አእምሮዬ ይባክናል» የሚል፣ «ከባድ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ሰውነቴ ዝሏል» የሚል። ስለዚህ እንቅልፍም ጠቃሚና ጎጂ አለው።

በቃል ላይ ብቻ የቆመው ምናብ፣ ቪካልፓ የሚባለው፣ ከአምስቱ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ነው። ቃሉ አለ፣ ትርጉሙም ይገባናል፣ ከቃሉ በስተጀርባ ግን የሚያዝ ነገር የለም። ለኛ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም፤ «ሰው ምን ይለኛል?» እንላለን። ይህ «ሰው» ማን ነው? ከፒያሳ እስከ አዞዞ በር እያንኳኳን ብንፈልገው አናገኘውም፤ ስምም መልክም የለውም። ሆኖም በዚህ ሰው ፍርሃት ልብስ እንገዛለን፣ ድግስ እንደግሳለን፣ እንበደራለን። ይህ ክሊሽታ የሆነ ቪካልፓ ነው። እርስዎ በሰሌዳ ላይ ስፋት የሌለው መስመር እያሉ ጂኦሜትሪ ቢያስተምሩ ግን እሱም ቪካልፓ ነው፣ ማንንም አያስጨንቅም (ተማሪዎችን ካልሆነ)።

የተሳሳተ ዕውቀትን በአጭሩ እለፈው። ማብራሪያው አምስቱን ክሌሻዎች ከዚሁ ከተሳሳተ ዕውቀት ጋር ስለሚያያይዛቸው፣ «ጠቃሚ ስሕተት» መፈለግ ጉንጭ ማልፋት ይመስለኛል።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ

ማራኪ ሰፈር ያሉትን አጸድቄ፣ ያልተነካ አንድ ነገር እጨምራለሁ። እኔ ቅኔ ቤት ቆይቼ በኋላ በዓታ አቋቋም ተምሬአለሁ፤ የዮጋን መጽሐፍ ያነበብኩት በጡረታ ዘመኔ ነው። ሳነበው መጀመሪያ የታየኝ አሠራሩ ነው። ሱትራ ማለት ክር ማለት ነው፤ መጽሐፉ በአራት ምዕራፍ 195 አጫጭር ክሮች አሉት፤ በአንዳንዱ ቅጂ 196 ይደርሳሉ። ዘመኑ ያከራክራል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ልደት በኋላ እስከ 5ኛው መቶ ዓመት የሚያደርሱት አሉ። ዛሬ ዮጋ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አቀማመጥ ከ195ቱ ሦስቱን ብቻ ነው የያዘው። ንባቡ በቃል የሚያዝ ነውና ሆን ተብሎ ተጨምቋል፤ መምህሩ ከሌለ ወይም ማብራሪያው ካልተከተለ አይፈታም። ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ንባብና አንድምታ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ በአንድምታ ሥርዓት እንሂድ። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ዮጋ የአእምሮ እንቅስቃሴዎች ኒሮዳ ነው ይላል። ኒሮዳ ምንድን ነው? አንድም ማጥፋት ይባላል፣ አንድም መግታት። ብዙ ትርጉሞች የመጀመሪያውን ወስደው ዮጋን አእምሮን ባዶ ማድረግ አስመሰሉት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ቭያሳ በዚያው ምዕራፍ አእምሮን በሁለት አቅጣጫ በሚፈስ ወንዝ ይመስለዋል፤ አንዱ ወደ በጎ፣ ሌላው ወደ ክፉ ይፈስሳል። በመላቀቅ ወደ ውጭ የሚወርደው ይገታል፣ በልምምድ ደግሞ የማስተዋሉ ፈሳሽ ይከፈታል ይላል። የአንገረብን ግድብ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ግድቡ ውኃውን አላጠፋውም፤ ገትቶ ወደ ከተማው መለሰው። ግድብ ያለበት ሌላም ጣጣ አለ፤ በየክረምቱ ከተራራው የሚወርደው ደለል ይሞላዋል። እያንዳንዱ ሐሳብ ካለፈ በኋላ የሚተወውን አሻራ እነርሱ ሳምስካራ ይሉታል፤ ሐሳብ አሻራ ይፈጥራል፣ አሻራውም ሐሳብ ይፈጥራል፣ ይህም ሌት ተቀን እንደ መንኰራኩር ይዞራል።

ይህን በዜማ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ አንድ ምልክት ላይ ድምፄን ያለቦታው አንሥቼ ያዝኩት። መምህሬ ኋላ አርመውኛል፤ ስሕተት መሆኑንም ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሌሊት በማኅሌት ቆሜ ድካም ሲጫነኝ ግን አፌ ያንኑ የጥንቱን ስሕተት ያነሣል፤ ጎረቤቴ በክርኑ ሲነካኝ ነው የምነቃው። ዕውቀቴ ትክክል ነው፣ አሻራዬ ግን ሌላ ነው። መምህርት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚያነሣዎት ይህ ይመስለኛል። ደብዳቤውን ባወጡና ባነበቡ ቁጥር ያንኑ ዜማ ደግመው እያጠኑት ነው።

መጨረሻውስ ምንድን ነው ቢሉ፣ ክሌሻው የሚደረስበት ደረጃ አለው። ይተኛል፣ ይሳሳል፣ በሌላ ይቋረጣል፣ ወይም ተነሥቶ ይሠራል። ከነዚህ በላይ ማብራሪያው የተቆላ ዘር የሚለው አለ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ስሜን አይታችኋል። የተቆላ ሽምብራ መልኩ ሽምብራ ነው፣ ጣዕሙም አለ፣ መሬት ላይ ቢበትኑት ግን አይበቅልም። ትዝታውም እንዲሁ ነው፤ ነጥቡንም ሰሌዳውንም እስከ ዕለተ ሞትዎ ያስታውሱታል፣ ግን ቂም አይበቅልበትም።

ጠቃሚዎቹም እንቅስቃሴዎች ቢሆኑ ለዘላለም አይደሉም። እሾህን በሾህ እንደሚባለው፣ ጎጂውን ለመንቀል ያገለግላሉ፣ በኋላ ሁለቱም ይጣላሉ። እዚህ ላይ ከእኛ መንገድ ይለያል። መጻሕፍተ መነኮሳትን ያነበበ ሰው ሐሳብን ከበሩ ላይ መመርመር እንግዳ አይሆንበትም፤ የኛ አባቶች ግን የሚመረምሩት ለንስሓና ለጸሎት ነው፣ ፓታንጃሊ የሚመረምረው ተመልካቹን፣ ፑሩሻን፣ ከአእምሮ ለይቶ ለብቻው ለማቆም ነው። አንድ ናቸው የሚል ሰው ሁለቱንም በደንብ አላነበበም።

ሙግት አልጠላም

ከሁለታችሁም ጽሑፍ ተምሬአለሁ፤ ግን አንድ ነገር አላረካኝም። እኅታችን በደል ደርሶባት ስትናገር የተመለሰላት «በደሉን የሚያነሣሽ አሻራሽ ነው» የሚል ነው። ይህ ፍልስፍና ለበዳዩ የሚመች አይሆንም ወይ? የተበደለ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ድቬሻውን ከመረመረ ማን ይከስሳል? በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ነጥብ በማንም ሳምስካራ አልተፈጠረም፤ አንድ ሰው ነው አይቶ ያለፈው። የእኅታችንን ሌሊት ከበዳዩ ሌሊት ጋር ካነጻጸርነው፣ እሱ ሳይጨነቅ ስለሚያድር አእምሮው አክሊሽታ ነው ልንል ነው?

ማራኪ ሰፈር

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ የመጨረሻው። መልሱ አይደለም ነው። ሳይጨነቁ ማደር አክሊሽታ መሆንን አያሳይም፤ ቀደም ሲል እንደተባለው ክሌሻ ተኝቶም ይኖራል። መጽሐፉ በሁለተኛው ምዕራፍ ሌላውን ስለመጉዳትና ስለመሳሰሉት ሲናገር፣ ራስ የሠሩትን፣ ሌላውን ያሠሩትን፣ ሌላው ሲሠራ ይሁን ብለው የተቀበሉትን እኩል ይቆጥራቸዋል። ሦስቱም ከስስት፣ ከቁጣ ወይም ከድንቁርና ሊነሡ ይችላሉ፤ መጠናቸውም ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ብርቱ ሊሆን ይችላል። ማብራሪያው ይህን አባዝቶ 27 ዓይነት ያደርገዋል። ስለዚህ አይቶ ያለፈውም፣ ወረቀቱን የፈረመውም፣ በሻይ ሰዓት «ምን ታደርጊዋለሽ» ብሎ የሳቀውም በቁጥሩ ውስጥ አሉ። በደል ሲፈጸም ዝም ብሎ መስማማትን የሚያበረታታ ጽሑፍ እንዲህ አይቆጥርም።

ስለ ክስ ግን ሁለት ነገር ተምታቷል ብዬ አምናለሁ። ማመልከቻ ጽፎ ለሚመለከተው አካል ማቅረብ ሥራ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ማኅተም ይደረግበታል። ደብዳቤውን በሌሊት አውጥቶ ማንበብ ግን ክስ አይደለም፤ የሚሰማ ዳኛ የለበትም። መጽሐፉ የሚከለክለው ሁለተኛውን ነው፤ አንደኛውን እንዲያውም ረጋ ያለ ሰው ይበልጥ ያሳምረዋል።

ለልምምድ የሚሆን ምክርም አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ አእምሮ እንዲጠራ አራት አመለካከት መለማመድን ያዝዛል፤ ደስ ለተሰኘው ሰው ወዳጅነት፣ ለተጎዳው ርኅራኄ፣ በጎ ለሚሠራው ደስ መሰኘት፣ በጎ ለማይሠራው ደግሞ ኡፔክሻ። ይህን የመጨረሻውን «ቸል ማለት» ብለው ሲተረጉሙት ነው ሙግት ወዳዱ ያነሡት ሥጋት የሚመጣው። ኡፔክሻ ከላይ ሆኖ መመልከት፣ የሌላውን ጥፋት የራስ ቁስል ሳያደርጉ ማየት ነው እንጂ ጥፋቱን ልክ ነው ማለት አይደለም። ልብ በሉ፣ መምህርት ቦታውን ለያዘው ሰውና ቦታውን ለሰጠው ሰው አንድ ዓይነት አመለካከት እንዲይዙ አልተጠየቁም። የያዘው ምናልባት ነጥቡንም አላየም፤ ለእሱ የሚገባው ከአራቱ የመጀመሪያው ነው። ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በሁለተኛው ምዕራፍ የተጠቀሰው ሌላው ዘዴ፣ ጎጂ ሐሳብ ሲነሣ ተቃራኒውን ማምጣት የሚባለውም፣ ሐሳቡን በጡንቻ ከመግፋት ይሻላል፤ «አላስብም» እያሉ የሚታገሉት ሐሳብ ይበልጥ እንደሚጠና ሁላችንም ደርሶብናል። ልምምዱም ረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ ከልብ ሲደረግ ብቻ መሠረት እንደሚይዝ ተጽፏል።

የአንገረብ መምህርት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኔታ ልበልዎትና፣ የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፣ ደብዳቤውን ማንበቤን ዜማ ደግሞ ማጥናት ነው ያሉት ነገር ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ትናንት ሌሊት እንደ ልማዴ ነቃሁ። እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ «ይህ ከአምስቱ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ትዝታ ነበር፤ ሰሌዳው፣ ወረቀቱን የያዘው አረንጓዴ መርፌ፣ የኔ ስም ከላይ ሆኖ። ትንሽ ቆይቶ ግን እዚያ ቀን ከቶ ያልተነገረ ንግግር ስናገር ራሴን አገኘሁት። ለማላውቃቸው ሰዎች ነበር የምናገረው፤ ሲያጨበጭቡልኝም ሰማሁ። እነዚያ «ሰዎች» ማራኪ ሰፈር እንዳሉት መልክ አልነበራቸውም። ከትዝታ ወደ ቪካልፓ የተሻገርኩበትን ቦታ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስካሁን ሁሉም አንድ ወጥ እውነት ይመስለኝ ነበር።

ሙግት አልጠላም ያሉትንም ሰምቻለሁ። ደብዳቤውን ከመሳቢያው አውጥቼ፣ ዓምና ጽፌ ሳላስገባ ከተውሁት ማመልከቻ ጋር በአንድ ፋይል አድርጌዋለሁ፤ ሰኞ ከክፍለ ጊዜዬ በኋላ አስገባለሁ።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ቡና እየቆላች «እንዴት አደርሽ?» ስትለኝ አፌ «ደኅና» ሊል ሲል ያዝኩት። አስቤ «ከማብራሪያው ሦስተኛው ነው፣ ሰውነቴ ዝሏል» አልኳት። ምን እንዳልኩ አልገባትም፤ ማንከሽከሻውን ከእሳቱ አውርዳ «በይ ጭሱን አሽትቺ» አለችኝ።